መከፋፈያ የተሠራለት አይስ ቦክስ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ድሬዳዋ ላይ አይስ ቦክስ የሚገዛ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው በረዶውን ለስንት ሰዓት እንደሚያቆይ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ከሥጋ የሚወርደው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ነበር። ወደ ሐረርም ሆነ ወደ ኤረር ፍል ውኃ ስንወጣ ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች በአንድ መኪና ስለምንጓዝ የሁለቱም ሥጋ አብሮ ይጫናል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ የጾሙ ምግብ ከፍስኩ ጋር መነካካት የለበትም። ባለ 45 ሊትሩ ሣጥኔ ከፋብሪካ ሲወጣ ምንም ክፍል አልነበረውም።

መከፋፈያዎቹን የሠራሁት ከወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ነው። የሣጥኑ ግድግዳ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ በቅድሚያ ልኩን በካርቶን አውጥቼ መክተፊያውን በዚያው ልክ በመጋዝ ቆረጥኩ። ይህ ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይዝለትም፤ ግድግዳውን በብሎን መብሳት ደግሞ ውኃ ወደ ውስጠኛው ፎም እንዲሰርግ መንገድ መክፈት ነው። ስለዚህ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቄ ጠርዙን ዙሪያውን አለበስኩት፤ መከፋፈያው ተጠብቆ የሚቆመው በዚህ ቱቦ ብቻ ነው። በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከሁለቱ መከፋፈያዎች አንዱን በመሰርሰሪያ ቀዳድቼዋለሁ፤ ሌላው ድፍን ነው። በቀዳዳዎቹ በኩል ቅዝቃዜው ከበረዶው ክፍል ወደ ለስላሳውና ወደ ውኃው ስለሚያልፍ መጠጡ እኩል ይቀዘቅዛል። ድፍኑ ግን የሥጋውን ውኃ የሚያግደውን ያህል ቅዝቃዜውንም ያግዳል፤ በማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር ስለካው ከበረዶው ጎን ያለው ክፍል ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ከድፍኑ ማዶ ያለው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ከማዶ የማስቀምጠው ማንጎ፣ ቲማቲምና ዳቦ ነው። ሁለቱን ሥጋ ከበረዶው ጎን በየራሳቸው ክዳን ባላቸው ዕቃዎች እይዛቸዋለሁ፤ የቱቦው ጠርዝ ውኃን ሙሉ በሙሉ ያቆማል ብሎ መተማመን አያዋጣምና።

እውነቱን ለመናገር፣ ከመከፋፈያው ይልቅ ብዙ የጠቀመኝ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ በረዶ ማድረጌ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ያንኑ ያህል ውኃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ያደርሳል፤ ይህ ሁሉ ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ የቀለጠው ጠርሙሱ ውስጥ ስለሚቀር ሣጥኑ ከታች አይጨቀይም፤ ማምሻውንም ይጠጣል።

ጉድለቶቹ ግን ቀላል አይደሉም። ከከፊራ ገበያ የምንገዛው ትልቅ ሐብሐብ ድፍኑ ካልወጣ አይገባም፤ የበርበሬውም ቀለም መክተፊያው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ቱቦው በሙቀቱ እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ አንድ ጊዜ ቀይሬዋለሁ፤ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ አላማረረኝም። ሥጋ የማይዝ ወይም ለብቻው የሚጓዝ ሰው ግን የተቀዳደደው አንዱ ብቻ ይበቃዋል።