ጂአይሲ፣ የባንክ ፈንድ፣ ኢቲኤፍ ወይስ የባንክ አክሲዮን? ካናዳ ውስጥ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው

ካናዳ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ ባንክ ቅርንጫፍ የገባ ሰው «ምን ያህል ሪስክ ትችላለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የብዙዎቻችን መልስ «ምንም» ነው። ይገባኛል። ገንዘቡ የመጣው ከሌሊት ሽፍት፣ ከታክሲ መሪ፣ ወይም ተራው ከደረሰ እቁብ ነው። ነገር ግን «ምንም» ላለ ሰው የሚቀርብለት ሁልጊዜ አስተማማኙ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ቅርንጫፉ የሚሸጠው ነው።

ገንዘብ የሚጠፋው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ገበያ ሲወርድ ነው። ይህ በስልካችሁ ላይ በቀይ ይታያል፣ ያስደነግጣል። ሁለተኛው በክፍያና በዋጋ ንረት ቀስ በቀስ ሲመነምን ነው። ይህን ማንም ደውሎ አይነግራችሁም። ጠንቃቃ ነኝ የሚል ሰው ሁለቱንም መፍራት አለበት። እኔም አማራጮቹን የማወዳድረው በሁለቱም ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። «ቲኤፍኤስኤ ገዛሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቲኤፍኤስኤ (ትርፉ ታክስ የማይደረግበት ሂሳብ)፣ አርአርኤስፒ (የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ) እና ኤፍኤችኤስኤ (የመጀመሪያ ቤት መግዣ ሂሳብ) ጎተራ ናቸው። እህሉ ጂአይሲ (ለተወሰነ ጊዜ የሚዘጋ የባንክ ተቀማጭ)፣ ፈንድ፣ ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥ ፈንድ) ወይም አክሲዮን ነው። ታክሱን የሚወስነው ጎተራው ነው። ትርፍና ኪሳራውን የሚወስነው ግን ውስጡ ያስገባችሁት ነው። ስለዚህ «ቲኤፍኤስኤ ይሻላል ወይስ ኢቲኤፍ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ቲኤፍኤስኤ ውስጥ ኢቲኤፍ መግዛት ይቻላል።

ጂአይሲ፦ ቀኑ ለታወቀ ገንዘብ

ለባንኩ ገንዘባችሁን ለተወሰነ ጊዜ ትሰጣላችሁ። ባንኩ ዋናውን ከተስማማችሁበት ወለድ ጋር ይመልሳል። ባንኩ የሲዲአይሲ፣ ማለትም የፌዴራሉ የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ድርጅት፣ አባል ከሆነ በአንድ ባንክ፣ በአንድ ምድብ እስከ 100,000 ዶላር ዋስትና አለ። በስማችሁ ያለው ተራ ሂሳብ አንድ ምድብ ነው፣ ቲኤፍኤስኤ ሌላ፣ አርአርኤስፒ ሌላ። ክሬዲት ዩኒየን ከሆነ ዋስትናው የፕሮቪንሱ ነው። ዋናው እንዳይነካ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ድክመቱ የዋጋ ንረት ነው። በ2021 በ2 በመቶ አካባቢ ለ5 ዓመት የዘጋ ሰው በ2022 የካናዳ የዋጋ ንረት በአማካይ 6.8 በመቶ ሲሆን እጁን አጣጥፎ ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ብዙው ጂአይሲ ከቀኑ በፊት አይወጣም። «ካሽብል» የሚባለው ይወጣል፣ ወለዱ ግን ያንሳል። ከቲኤፍኤስኤና ከአርአርኤስፒ ውጭ ከያዛችሁት ደግሞ ወለዱ እንደ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ታክስ ይደረጋል።

«ማርኬት ሊንክድ ጂአይሲ» (ትርፉ ከአክሲዮን ገበያ ጋር የተያያዘ) ሲሏችሁ ቆም በሉ። ዋናው አይነካም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ትርፉ ብዙ ጊዜ ጣሪያ አለው። የኩባንያዎቹን ዲቪደንድም (ለባለአክሲዮን የሚያካፍሉትን ትርፍ) አብዛኛውን ጊዜ አታገኙም። እኔ ብሆን ተራውን ጂአይሲ እመርጣለሁ።

የባንኩ ሚውቹዋል ፈንድ፦ ምቾቱ ውድ ነው

«ባላንስድ» ወይም «ኢንካም ፖርትፎሊዮ» በሚል ስም ይሸጣል። አክሲዮንና ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ በወለድ የሚሰጥ ብድር) ተቀላቅሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ወረቀቱን ቅርንጫፉ ይሞላላችኋል፣ በየወሩ ከሂሳባችሁ እየተቆረጠ ይገባል፣ ጥያቄ ሲኖር የሚያናግራችሁ ሰው አለ። ይህን አላናንቅም። እንግሊዝኛው ለማይቀለው ወላጅ ሰው ፊት ለፊት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋው ግን ይታይ። በካናዳ አማካሪ ያለበት እንዲህ ያለ ፈንድ በዓመት 2 በመቶ አካባቢ መቁረጡ የተለመደ ነው። ይህ ቁጥር ኤምኢአር ይባላል። የሚቆረጠው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላው ገንዘብ ነው። ፈንዱ ቢከስርም ይቆረጣል። በ50,000 ዶላር ላይ በዓመት 1,000 ዶላር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው «ትሬይሊንግ ኮሚሽን» በሚል ለሸጠላችሁ ድርጅት በየዓመቱ ይሄዳል።

አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ገበያው ከክፍያ በፊት በዓመት 5 በመቶ ያድጋል ብለን እናስብ። 50,000 ዶላር 25 ዓመት ይቀመጥ። 2 በመቶ እየተቆረጠ 104,700 ገደማ ይሆናል። 0.2 በመቶ እየተቆረጠ ግን 161,400 ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ ከ56,000 ዶላር በላይ ነው፤ መጀመሪያ ካስገባችሁት ራሱ ይበልጣል። ሁለቱ ሰዎች የተሸከሙት ሪስክ አንድ ዓይነት ነው።

ሻጩን «ኤምኢአሩ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ክፍያ የለውም» ካለ «ፈንድ ፋክትስ» የሚባለውን ወረቀት ይስጣችሁ። ሕግ ነው፣ ከመግዛታችሁ በፊት መስጠት አለበት። ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ።

ሁሉን በአንድ የያዘ ኢቲኤፍ፦ የእኔ ምርጫ

የመጀመሪያው በተግባር የሠራ ኢቲኤፍ የተወለደው እዚሁ ካናዳ ነው፣ በ1990 በቶሮንቶ ገበያ። ለእኛ ዓይነቱ ሰው የሚስማማው ግን ከ2018 ወዲህ የመጣው ነው። አንድ ኢቲኤፍ ትገዛላችሁ፣ ውስጡ የካናዳ፣ የአሜሪካና የሌላው ዓለም በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች፣ ከጎናቸው ደግሞ ቦንድ አለ። ሚዛኑ ሲዛባ ራሱ ያስተካክላል።

የቫንጋርዱ «ቪሲኤንኤስ» እና የአይሼርሱ «ኤክስሲኤንኤስ» 40 በመቶ አክሲዮን፣ 60 በመቶ ቦንድ ናቸው። «ቪባል» እና «ኤክስባል» ተገላቢጦሹ፣ 60 በመቶ አክሲዮን። ዓመታዊ ክፍያቸው ከ0.25 በመቶ አይበልጥም። በ50,000 ዶላር ላይ 100 ዶላር ገደማ ነው። ዌልዝሲምፕል ወይም ኩዌስትሬድ በሚባሉት የኦንላይን ብሮከሮች ላይ ሂሳብ ከፍታችሁ ያለ ኮሚሽን መግዛት ትችላላችሁ። ብሮከሩ ቢከስር ሲአይፒኤፍ የሚባለው የዋስትና ፈንድ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይሸፍናል። ገበያ ቢወርድ ግን ማንም አይሸፍንም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልደብቃችሁ አልፈልግም። በ2022 የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከ0.25 በመቶ ተነስቶ በፍጥነት ሲያሳድግ ቦንድ ከአክሲዮን ጋር አብሮ ወደቀ። የካናዳ የቦንድ ገበያ በዚያ ዓመት ከ11 በመቶ በላይ አጣ። ወግ አጥባቂ የተባሉት ድብልቆችም ከ10 በመቶ በላይ ወረዱ። ቦንድ ይጠብቀኛል ብሎ የገባ ሰው ደነገጠ፣ በኪሳራ ሸጦ የወጣም አለ። ስለዚህ በሦስት ዓመት ውስጥ የምትፈልጉትን ገንዘብ እዚህ አታስገቡ። አምስት ዓመት እንኳ ለእኔ አጭር ነው።

ራሳችሁ ስልክ ላይ መግዛት ካስፈራችሁ መካከለኛ መንገድ አለ። ሮቦ አማካሪ የሚባሉት ኢቲኤፎቹን ይመርጡላችኋል። ጠቅላላ ክፍያው 0.7 በመቶ አካባቢ ነው። የኦንላይን ባንኩ የታንጀሪን ፖርትፎሊዮዎች ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ናቸው። ርካሽ አይደሉም፣ ከ2 በመቶ ግን በጣም ይሻላሉ። በየወሩ ራሱ እየቆረጠ የሚያስገባላችሁ ከሆነ ያ ዲሲፕሊን ብቻውን ዋጋ አለው።

ወለድ የማትነኩ አንባቢዎች ጂአይሲውም ቦንዱም አይሆናችሁም። ዌልዝሲምፕል በሸሪዓ መስፈርት የተመረጡ አክሲዮኖች ያሉበት ኢቲኤፍ አለው። ሙሉ በሙሉ አክሲዮን ስለሆነ መውጣት መውረዱ ይበረታል። ስለዚህ ከረጅም ጊዜ ገንዘብ ውጭ አትንኩት።

የባንክ አክሲዮን፦ ዲቪደንድ ደመወዝ አይደለም

«ሮያል ባንክ አይወድቅም፣ አክሲዮኑን ገዝተህ ዲቪደንድህን ብላ» የሚል ምክር ከቡና ጠረጴዛ አይጠፋም። መሠረት የሌለው ምክር አይደለም። ቢኤምኦ ከ1829 ጀምሮ ዲቪደንድ ከፍሏል። በ2008ቱ ቀውስ ትልልቆቹ የካናዳ ባንኮች አንዳቸውም ዲቪደንዳቸውን አልቀነሱም። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የአክሲዮናቸው ዋጋ ከነበረበት ጫፍ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። ያንን አይቶ ሳይሸጥ መቀመጥ የቻለ ተካሰ። እናንተ ትችሉ ነበር?

ባንክ ያልሆኑትንም እንይ። ትልቁ የኢንሹራንስ ኩባንያ ማኑላይፍ በ2009 ዲቪደንዱን በግማሽ ቆረጠ። ቢሲኢ፣ ማለትም ቤል፣ ለጡረተኛ የሚመከር አክሲዮን ነበር። በግንቦት 2025 የዓመቱን ዲቪደንድ ከ3.99 ዶላር ወደ 1.75 አወረደው። ዋጋው ደግሞ ከዚያ በፊት ብዙ ወርዶ ነበር። የቴሌኮም ዕቃ አምራቹን ኖርቴልን የሚያስታውስ ያስታውሳል። በ2000 ብቻውን ከቶሮንቶ ገበያ መለኪያ ሲሶውን የያዘ ኩባንያ በ2009 ከሰረ።

ሌላም ነገር አለ። የቶሮንቶ ገበያ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ባንክና ኢንሹራንስ ነው፣ ከዚያ ዘይትና ማዕድን ይከተላል። ካናዳ ከዓለም የአክሲዮን ገበያ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናት። ሥራችሁ እዚህ፣ ቤታችሁ እዚህ፣ አክሲዮናችሁም ሁለት ባንክ ብቻ ከሆነ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ሊታመም ይችላል። ከወደዳችሁት ያዙ፣ ግን ከጠቅላላው ከአንድ አምስተኛ አይብለጥ። የዲቪደንድ ታክስ ቅናሽ ብለው ከመከሯችሁ ደግሞ የሚሠራው ከተራ ሂሳብ ላይ እንደሆነ እወቁ። ቲኤፍኤስኤ ውስጥ ጥቅም የለውም።

ሴግሪጌትድ ፈንድን ባልጠቅስ ደስ አይለኝም፣ በማኅበራችን ውስጥ የኢንሹራንስ ወኪሎች በብዛት ይሸጡታልና። ስትሞቱ ወይም ውሉ ሲያልቅ፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ፣ 75 ወይም 100 በመቶ ዋናውን ይመልሳል። ክፍያው ግን ከሚውቹዋል ፈንዱም በላይ ነው። የራሱ ሥራ ያለውና አበዳሪ የሚያሰጋው ሰው ሊጠቅመው ይችላል። ለደመወዝተኛ ግን አልመክርም።

ታዲያ ማን የቱን ይግዛ?

በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው፦ ኤፍኤችኤስኤ ከፍቶ ውስጡ ጂአይሲ። በዓመት 8,000፣ በጠቅላላው 40,000 ዶላር ማስገባት ይቻላል፣ ያስገባችሁት ከገቢያችሁ ላይ ይቀነሳል። ሃያ ዓመት የሚቀረው የ40 ዓመት ሰው፦ ቪባል ወይም ኤክስባል፣ ከጎኑ የስድስት ወር ወጪ በቁጠባ ሂሳብ። ጡረታ ደጃፍ ላይ ያሉ እናትና አባት፦ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ወጪ በየዓመቱ አንድ እንዲደርስ ተደርጎ በተከፋፈለ ጂአይሲ፣ የቀረው በቪሲኤንኤስ ወይም በኤክስሲኤንኤስ። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ግን ቲኤፍኤስኤም ሆነ የካናዳ ኢቲኤፍ ከአሜሪካ ታክስ ጋር ስለሚያጋጨው መጀመሪያ የሁለቱን አገር ታክስ የሚያውቅ ባለሙያ ያናግር።

አዲስ የመጣችሁ ደግሞ ቲኤፍኤስኤ ላይ ተጠንቀቁ። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ከ100,000 ዶላር ያለፈው ጠቅላላ ጣሪያ ከ2009 ጀምሮ እዚህ ለኖረና ያኔ 18 ዓመት ለሞላው ነው። የእናንተ መቁጠር የሚጀምረው የካናዳ ነዋሪ ከሆናችሁበት ዓመት ነው። በ2022 የገባ ሰው እስከ 2025 ያለው ድምር 26,500 ዶላር ነው። ከዚያ ካለፈ ከጣሪያው በላይ በገባው ገንዘብ ላይ በየወሩ 1 በመቶ ቅጣት አለ።

የባንክ ፈንድ ይዛችሁ ወደ ኢቲኤፍ መዛወር ከፈለጋችሁ ገንዘቡን ራሳችሁ አታውጡት። ከአርአርኤስፒ ካወጣችሁ ታክስ ይቆረጣል፣ የማስገቢያ ቦታውም (ገንዘብ የማስገባት መብቱ) ተመልሶ አይገኝም። ከቲኤፍኤስኤ ካወጣችሁ ቦታው የሚመለሰው በሚቀጥለው ጥር 1 ነው። አዲሱ ብሮከር ጋ ሂሳብ ክፈቱና «ትራንስፈር» የሚለውን ቅጽ ሙሉ፤ ገንዘቡን እነሱ ከባንኩ ይወስዳሉ። ባንኩ የመዝጊያ ክፍያ 150 ዶላር ገደማ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ ብሮከሮች ደረሰኙን ስትልኩላቸው ይመልሱላችኋል። ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን በጽሑፍ አረጋግጡ።