ከቤይጂንግ ሻንጋይ፦ አውሮፕላን ይሻላል ወይስ ፈጣን ባቡር?

ሁለቱ ከተሞች በአየር መስመር ሲለኩ ወደ 1,070 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። የፈጣን ባቡሩ ሐዲድ ደግሞ 1,318 ኪሎ ሜትር ነው። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ተጽፎ ታያላችሁ። ፈጣኑ ባቡር 4 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ መንገድ ላይ ብዙ የሚቆመው 6 ሰዓት ገደማ። በዚህ ብቻ ከሆነ አውሮፕላኑ ያሸንፋል። ግን አትቸኩሉ። ሰዓቱን ከሆቴል በር እስከ ሆቴል በር ቁጠሩት።

በአውሮፕላን ልሂድ ካላችሁ፣ ከመሀል ቤይጂንግ ኤርፖርት ለመድረስ አንድ ሰዓት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዳሺንግ ኤርፖርት ከቲያናንመን አደባባይ ወደ 46 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለፍተሻና ለቦርዲንግ ሰዓት ተኩል ጨምሩ። ሻንጋይ ስትደርሱ ሻንጣ መጠበቅ አለ፤ ፑዶንግ ኤርፖርት ካረፋችሁ ወደ መሀል ከተማ ሌላ አንድ ሰዓት። ሲደመር 6 ሰዓት አለፈ። በክረምት ነጎድጓድ ከመጣ ወይም ሰማዩ ከተጨናነቀ ደግሞ በረራው ይዘገያል። ስለዚህ አውሮፕላን ከመረጣችሁ ሆንግቺያው በሚባለው በሌላው የሻንጋይ ኤርፖርት የሚያርፈውን ፈልጉ። ለመሀል ሻንጋይ በጣም ይቀርባል።

ባቡሩ የሚነሳው ከቤይጂንግ ደቡብ ጣቢያ ነው፤ ሜትሮ እስከ ውስጡ ይገባል። ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ፍተሻም አለ፤ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። በሩ ባቡሩ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል፣ ልመና አይሰማም። ከተሳፈራችሁ በኋላ ግን እረፍት ነው። በሰዓት እስከ 350 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። ስልክ ትሞላላችሁ፣ እግር ታፍታታላችሁ፣ ሻንጣችሁ ከዓይናችሁ አይርቅም። ጂናን አጠገብ ቢጫ ወንዝን፣ ናንጂንግ ላይ ያንግትዜን ትሻገራላችሁ። ከዚያ ሻንጋይ ሳትደርሱ 164 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ድልድይ አለ። በባቡር መስኮት ቻይናን ማየት እኔ በጣም እወዳለሁ፤ ከደመና በላይ ይሄ የለም። መድረሻችሁ ሆንግቺያው ጣቢያ፣ ከኤርፖርቱ ጎን። ድምሩ እንደ አውሮፕላኑ 6 ሰዓት ከምናምን ነው።

ዋጋው? የባቡሩ ሁለተኛ ማዕረግ ለዓመታት 553 ዩዋን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ እንደ ባቡሩና እንደ ቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል። የአውሮፕላኑ ግን በጣም ይዋዥቃል። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ከባቡሩም ሊረክስ ይችላል። ስታወዳድሩ የኤርፖርት ክፍያና የነዳጅ ጭማሪ መካተታቸውን እዩ።

የእኔ ምርጫ ባቡር ነው። አውሮፕላን የምመክረው ሻንጋይ ኤርፖርት ላይ ሌላ በረራ ለሚቀጥል ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ለምትነሱ አንድ ነገር ልጨምር፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቤይጂንግም ሻንጋይም ይበራል። በአንዱ ገብታችሁ በሌላው የምትመለሱበትን ትኬት ዋጋ ጠይቁ። ከተገኘ መንገዱን አንዴ ብቻ ትሄዱታላችሁ። የአዲስ አበባው በረራ የሚነሳው ከፑዶንግ ስለሆነ፣ ከሆንግቺያው ጣቢያ በቀጥታ ለመሄድ ካሰባችሁ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጫ ሰዓት ተዉ።

የባቡር ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ነው። ሽያጩ ከጉዞው 15 ቀን ገደማ ቀድሞ ይከፈታል፤ በቻይና አዲስ ዓመት ሰሞንና በመስከረም መጨረሻ (በኦክቶበር መጀመሪያ) በሚውለው ብሔራዊ በዓል ቶሎ ያልቃል። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጎድል ሙሉት።