ከፍቺ በኋላ ብቻዬን ልኑር ለሚል፦ የቱሉ ዲምቱ ስቱዲዮ ሲመዘን

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት አካባቢ ያለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው፤ አዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የምታልቅበት። ትዳሩ ፈርሶ ብቻውን ቤት የሚፈልግ ሰው ወደዚህ የሚመጣው ስቱዲዮ ስለሚገኝና ኪራዩም ከሳሪስና ከቦሌ ስለሚረክስ ነው። ይሆናል ወይ ለሚል መልሱ አዎ ነው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ብዙ ሰው ግን ሴራሚኩንና ቀለሙን አይቶ ይዋዋልና ወር ሳይሞላው በውሃው፣ በጩኸቱና በውሉ ማማረር ይጀምራል። ቤቱን የሚያኖረው ወይም የሚያስለቅቀው እነዚህ ናቸው።

ክፍሉ ራሱ ብዙ አያስወራም። አንዲት ክፍል፣ ሽንት ቤት ከነመታጠቢያው፣ ምድጃ የሚቀመጥባት ጥግ። ሜትር ከሃያ አልጋ፣ ባለ ሁለት በር ቁም ሣጥን፣ ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ገብተውበት መተላለፊያ ይተርፋል፤ ከዚያ በላይ አይችልም። የሚያስቸግረው ከንብረት ክፍፍል የመጣ ዕቃ ነው። ባለ አራት በር ቁም ሣጥንና ትልቅ ሶፋ ለሰፊ ቤት የተገዙ ናቸው፤ ሊፍት የለም፣ የደረጃው መዞሪያ ጠባብ ነው፣ ሶፋው እንደ ምንም ቢወጣ እንኳ ክፍሉን ይሞላዋል። ክፍፍሉ ገና ካላለቀ ትልልቁን ሸጦ ብሩን መካፈል፣ ከዕቃው ፍሪጁን፣ ምድጃውንና ፍራሹን መጠየቅ ነው የሚያዋጣው። ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን ደግሞ የበሩን ሲሊንደር ቀይሩ። የድሮው ተከራይ፣ ደላላውና አከራዩ የያዙት ቁልፍ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ብቻዋን ለምትገባ ሴት ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ውሃው። የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት። ውሃ አንድ ፎቅ ለመውጣት 0.3 ባር ያህል ግፊት ስለሚፈልግ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ከ1 ባር በላይ ያስፈልገዋል፤ መስመሩ ሲደክም መጀመሪያ የሚደርቀው ላይኛው ነው። ከታች ያለ አንድ ሰው ፓምፑን በቀጥታ መስመሩ ላይ ከገጠመ ደግሞ ከላይ ላሉት ነጥብ አይወጣም። ስለዚህ ቤት ስታዩ አከራዩን "ውሃ አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሌለው አከራይ የለም። እዚያው ፎቅ የምትኖረውን ሴት ወይም ጥበቃውን ጠይቁ፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ ይመጣል፣ በጋ ላይስ እንዴት ነው? አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ምርጡ ነው። ሦስተኛ ይቻላል። አራተኛ የሚያዋጣው ህንጻው የጋራ ሮቶና ፓምፕ ካለው፣ ፓምፑም የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው።

ብቻውን የሚኖር ሰው ምግቡን፣ ዕቃ ማጠቢያውን፣ በባልዲ መታጠቢያውንና ሽንት ቤቱን ጨምሮ በቁጠባ በቀን 50 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል አራት ቀን ያቆያል። ትልቁን የሚበላው ሽንት ቤቱ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሊትር፤ የልብስ እጣቢን ለዚያ ማዋል አንድ ቀን ያስረዝማል። በርሜሉ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በረንዳ ላይ ሳይሆን ሽንት ቤት ውስጥ ግድግዳውን አስጠግታችሁ አቁሙት። እዚህ ሰፈር ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው ዋና ነገርም ከውሃው ጋር የተያያዘ ነው፦ ውሃ በሌለበት ሰዓት ቧንቧ ተከፍቶ ይረሳል፣ ባለቤቱ ሥራ ይሄዳል፣ ውሃው ይመጣል፣ በርሜሉ ሞልቶ ይፈስና የታችኛውን ቤት ጣሪያ አበላሽቶ ፍራሹ ላይ ይወርዳል። ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ በበርሜሉ አፍ ላይ ማስገጠም ውድ አይደለም። ያ ካልሆነ ከቤት ሲወጡ ዋናውን ቫልቭ መዝጋት ነው።

መብራቱ በካርድ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱን ከቁልፉ ጋር ተረከቡ፣ ያልተከፈለ ዕዳ እንደሌለበትም አሳዩን በሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። የስቱዲዮው ተራ ሶኬት ልክ እስከ 16 ነው። ምጣዱን እዚያ የሰካ ሰው መጀመሪያ የሚሸተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው፣ ምክንያቱም ሶኬቱ ውስጥ የላላው መያዣ ይግላል፣ ሲግል የባሰ ይላላል። ምጣድ የሚፈልግ ሰው ከብሬከሩ ጀምሮ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለብቻ ያዘርጋ፤ ምጣዱ ሲሠራም ምድጃውንና የውሃ ማሞቂያውን ያጥፋ። እውነቱን ለመናገር ግን ለአንድ ሰው ሊጥ አቡክቶ፣ አብሲት ጥሎ፣ አስር እንጀራ አውጥቶ ግማሹ እስኪሻግት መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ሰፈሩ ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች ሞልተዋል፤ ከአንዷ ጋር ለሦስት ቀን የሚሆን በቋሚነት መያዝ ይሻላል። አንድ ሲኒ ሽሮ በሦስት ሲኒ ተኩል ውሃ ቤት ይሠራል። ለአቢይ ጾም 55 ቀንና በነሐሴ ለፍልሰታ በያይነቱ የሚሠራ ምሳ ቤት በእግር በሚደርስ ርቀት መኖሩን ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ ብቻውን የሚጾም ሰው ብዙ ጊዜ ጾሙን የሚፈታው በረሃብ ሳይሆን የሚበላው በማጣት ነው።

የእምነት ነገር ከዚህም ያልፋል። በተክሊል ለተጋባ ሰው የፍርድ ቤቱ የፍቺ ውሳኔ በሕግ በኩል ያለውን ይጨርሳል እንጂ በቤተ ክርስቲያን በኩል ያለውን በራሱ አይዘጋም። ይህንን ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር የግድ ነው፤ ሰፈር ስለቀየሩ ብቻ የንስሐ አባት መቀየር አያስፈልግም፣ አዲሱን ደብር ለቅዳሴ፣ የድሮውን አባት ለምክር መያዝ ይቻላል። ሙስሊም ከሆናችሁና ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ካለቀ የውሳኔውን ግልባጭ አትጣሉ፣ የፍቺ ምዝገባውና የመታወቂያው ለውጥ በሱ ነው የሚሠራው። እንቅልፍ ለጎደለው ሰው ደግሞ አንድ ምክር፦ ቤቱን ቅዳሜ ማታ ሄዳችሁ እዩት። የማኅሌቱ ድምጽ ማጉያ፣ አዛኑና የፕሮቴስታንቶቹ የሌሊት ጸሎት ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ በዚያች ሌሊት ይታወቃል። መስኮቱ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚከፈት ቤት እዚህ ላይ ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያስበው ዕድርን ነው። ዕድር የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፤ ፍቺ ሲመጣ ስሙ የተመዘገበው ወይም ሰፈሩ የቀረው ወገን ይቀጥላል፣ የወጣው ሳያውቀው ከዝርዝሩ ይወጣል። አዲስ ዕድር ስትገቡ የመመዝገቢያውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚ ለመሆን ስንት ወር መቆጠብ እንዳለባችሁ፣ እናትና አባት ክፍለ ሀገር ቢሞቱ ይከፍል እንደሆነ፣ ከቀድሞ ባለቤት ጋር የሚኖሩ ልጆች ይካተቱ እንደሆነ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ የዕድር ዳኞችን ያስቸግራቸዋል፣ በመተዳደሪያ ደንቡ ስለማይጠቀስ። በጽሑፍ አስመዝግቡት። ጎረቤቱ "ባለቤትህስ?" "ባለቤትሽስ?" ማለቱ አይቀርም። ለአንድ እማማ ቡና ላይ አንዴ "ተለያይተናል" ካሉ በቂ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቃል። እነዚያው እማማ ናቸው ስትታመሙ በር የሚያንኳኩት።

ኳስ። ከምድር ቤቱ ሱቆች አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ከሆነ ከላዩ ያለውን ክፍል አትያዙ። የቅዳሜ ዋና የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት 11:00 ወይም እንደ ወቅቱ 12:00 ስለሚጀምሩ ችግር የለባቸውም። እንቅልፍ የሚነሳው ሻምፒዮንስ ሊግ ነው፤ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን በሚቀይሩበት የብርድ ወራት ምሽት 5:00 ተጀምሮ ለ7:00 ጥቂት ሲቀረው ያልቃል፣ ከዚያ ክርክሩ ደጅ ይቀጥላል። ሁለት ህንጻ ራቅ ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ግን ጥሩ ነገር ነው። የመግቢያው ዋጋ ቀላል ነው፣ አንድ አግዳሚ ላይ ደጋግሞ የተቀመጠ የአርሰናል ወይም የማንቼ ደጋፊ በአጭር ጊዜ ስሙ ይታወቃል፣ ከቤት ወጥቶ ሰው ማግኘት ለከበደው ወንድ ከዚህ የቀለለ መግቢያ የለም። ሴቶች እዚያ ብዙም አይታዩም፤ ለእነሱ የሚሻለው የማለዳ ሩጫው ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየኅዳሩ ለሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር በቡድን የሚለማመዱ አሉ፣ ሜዳውም መንገዱም እዚህ ሰፊ ነው። ከመንጋቱ በፊት ግን አትውጡ፣ የከተማ ጫፍ ነውና ጅብ አለ።

ውሉ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። የስድስት ወር በእጅ አምጡ የሚል አከራይ ዛሬም አለ። ትዳሩ ፈርሶ በችኮላ ለሚወጣ ሰው እሺ ማለት ይቀለዋል፤ ነገር ግን ያልተመዘገበ ውል የያዘ ሰው ኪራይ ሲጨመርበት የሚያሳየው ወረቀት የለውም፣ አዲስ መታወቂያ ሲያወጣም አድራሻውን የሚያረጋግጥበት ያጣል።

ሌላው አደጋ ከአከራዩ ጓዳ የሚመጣ ነው። የ20/80 (20 በመቶ በቁጠባ፣ 80 በመቶ በባንክ ብድር የሚገዛ) ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመት መሸጥ ስለማይፈቀድ የተፋቱ ባለቤቶች ቤቱን አከራይተው ኪራዩን የሚካፈሉበት ጊዜ አለ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለሌላ ለማስተላለፍም ሆነ ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ፈርሞ ሌላው በሦስተኛው ወር "ኪራዩን ለኔ ክፈል" ብሎ በር ላይ ቢቆም ተከራዩ መሀል ይገባል። ካርታውን ወይም የቤቱን ውል ማየት፣ ሁለት ስም ካለበት ሁለት ፊርማ ወይም ውክልና መጠየቅ፣ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ ውሉ ላይ ማስጻፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲወሰን በዚህ አቅጣጫ ያሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮችንም ስለነካ፣ በተለይ ወደ ኮዬ ፈጬ በኩል የምትፈልጉ ከሆነ ህንጻው በየትኛው አስተዳደር እንዳለ ጠይቁ። መሸኛችሁን የሚቀበለውና ውሉን የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት በዚያ ይለያል። በህንጻው ባለቤቶች ማኅበር ስብሰባ ተከራይ ድምጽ የለውም፤ የጥበቃ፣ የጽዳትና የደረጃ መብራት ክፍያ ግን ይመጣበታል፣ በኪራዩ ውስጥ ይሁን ከኪራዩ ውጭ አስቀድሞ ይታወቅ።

ትራንስፖርቱ በአጭሩ፦ ጠዋት ከ1:00 እስከ 2:00 ወደ ቃሊቲና ሳሪስ ያለው የታክሲ ሰልፍ ረጅም ነው። ከ12:30 በፊት መውጣት የሚችል ሰው አይቸገርም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዚሁ አካባቢ ስለሆኑ እዚያ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰፈር የለም።

ልጅ ያለው ሰው ለብቻው ያስብ። ልጁ በሁለት ሳምንት አንዴ ቅዳሜ መጥቶ የሚያድር ከሆነ ስቱዲዮው ይበቃል፤ ከአልጋው ሥር የሚገባ 80 ሳንቲ ሜትር ፍራሽ መግዛትና ክፍሉን በመጋረጃ መክፈል ያስችላል፣ ጎረምሳ እስካልሆነ ድረስ። በሳምንት ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያድር ከሆነ፣ ወይም ልጆቹ ወንድና ሴት ከሆኑ፣ ስቱዲዮውን ተዉት። እዚያው ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ፈልጉ፣ በኪራዩ የሚጨመረውንም የቀለብና የልጅ አያያዝ ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት አስሉት፤ ከተፈረመ በኋላ ለማስቀየር ፍርድ ቤት መመላለስ ይጠይቃል።