ለቢሾፍቱው ባልደራስ ምስጋና፤ የወደቀ ፈረስ ወይም የተጣለች ድመት ላገኛችሁ ደግሞ ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በቢሾፍቱ ዳርቻ ባለ አንድ አነስተኛ የፈረስና የድመት መጠለያ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንትን በአደባባይ ለማመስገን፣ እግረ መንገዴንም በደጁ የወደቀ ፈረስ ወይም በኮርኒሱ ውስጥ የወለደች ድመት አግኝቶ የሚያደርገው ለጠፋው ሰው እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈቀዱልኝ የመጠለያው ሰዎች በሚጠሯቸው ማዕረግ «ባልደራስ» እላቸዋለሁ። ባልደራስ በድሮው ቤተ መንግሥት የንጉሥ ፈረሶች አለቃ መጠሪያ ነበር፤ የእኛ ባልደራስ የሚያስተዳድሩት ግን ባለቤት የጣላቸውን 9 ፈረሶችና ቁጥራቸው በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ድመቶችን ነው።

ከእሳቸው ጋር የተዋወቅነው ባለፈው መስከረም፣ ከበዓሉ ማግስት ነበር። በዚያን ቀን ጠዋት አንድ ዳማ ፈረስ ከሰፈራችን አስፋልት ዳር አንገቱን ደፍቶ ቆሞ አገኘነው። በቢሾፍቱ፣ በሞጆ ወይም በአዳማ የኖረ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ባጃጅ የጋሪን ገበያ ከወሰደው ወዲህ ያረጀ ወይም የቆሰለ የጋሪ ፈረስ መቀለብ ለብዙ ባለጋሪዎች ኪሳራ ስለሆነባቸው፣ ፈረሱን በማታ አምጥተው መንገድ ዳር ይለቁታል፤ የቀረውን መኪና ወይም ጅብ ይጨርሰዋል። የእኛው ዳማ ጀርባው ላይ የሰው መዳፍ የሚያህል ገጣባ ነበረበት፤ የጎድን አጥንቶቹ ከመንገዱ ማዶ ይቆጠሩ ነበር። ነገሥታቱና መሳፍንቱ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ እየተባሉ በፈረሶቻቸው ስም በተጠሩበት አገር ፈረስ እንዲህ አስፋልት ላይ ሲጣል ማየት፣ ለእኔ በግሌ፣ ሊለመድ የማይገባው ነገር ነው።

እኛ የሰፈሩ ሰዎች አዘንን፤ ማዘናችን ግን ፈረሱን ሊገድለው ነበር። ገንዘብ አዋጥተን ሩብ ኩንታል ገብስ ገዛንና በትልቅ ሳፋ ሞልተን አቀረብንለት። ከመካከላችን አንዱ መጠለያውን ያውቅ ስለነበር ስልክ ደውሎ ኖሮ፣ ባልደራስ በባጃጅ ደረሱ። ወርደው ሰላምታም ሳይሰጡን ሳፋውን ከፈረሱ አፍ ነጥቀው ወደ ግቢያችን አስገቡትና በሩን ዘጉበት። «ጋሼ፣ ምነው? ርቦት እኮ ነው!» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ካጠገብሽው ከነገ ወዲያ ትቀብሪዋለሽ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ክፉ ሰው መስለውኝ ነበር።

ነገሩን በኋላ ያስረዱኝ መጠለያውን በበጎ ፈቃድ የሚያግዙ አንድ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ለብዙ ሳምንታት የተራበ ፈረስ ሰውነቱ የራሱን ስብና ሥጋ እየበላ መኖርን ይለምዳል። እንዲህ ላለው ፈረስ ድንገት እህል ሲሰጠው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይንርና ኢንሱሊን በብዛት ይመነጫል፤ ኢንሱሊኑም ከስኳሩ ጋር በደም ውስጥ የቀረውን ጥቂት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ወደ ሕዋሳት ጠራርጎ ያስገባዋል። በዚህም ምክንያት ፈረሱ በልቶ የዳነ በሚመስልበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀናት ውስጥ፣ ልቡ ወይም መተንፈሻው ሊቆም ይችላል። ከዚህም ሌላ ፈረስ ማስመለስ የማይችል እንስሳ ስለሆነ ሆዱ ውስጥ የገባ ከመጠን ያለፈ እህል መውጫ የለውም። ባልደራስ ይህን ሁሉ የሚገልጹት በራሳቸው አነጋገር ነው፦ «የተራበ ሆድ እንደ ደረቀ ቦይ ነው፤ ውሃውን ባንዴ ብትለቂበት ቦዩን ራሱን ይዞት ይሄዳል።»

ፈረሱን ወደ መጠለያው የወሰዱት በእግሩ ነው። መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆንም በየጥላው እያሳረፉ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እያጠጡ ስለሄዱ ከ3 ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ በቀን 6 ጊዜ፣ በእጅ ሚዛን የተመዘነ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ የአልፋልፋ ድርቆሽ ብቻ ነበር የሚሰጡት። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ የአንዱ ጊዜ ድርሻ እያደገ፣ የጊዜው ብዛት እያነሰ ሄደ፤ 10 ቀን ሲሞላው ድርቆሹን እንደ ልቡ መብላት ጀመረ፤ እህል ግን ለብዙ ሳምንታት አልቀመሰም። እነዚያን 10 ሌሊቶች ባልደራስ ያደሩት ከጋጣው ጥግ፣ በጆንያ ላይ ነበር። የተሰጠውን ድርቆሽ፣ የጠጣውን ውሃና የጣለውን ፋንድያ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ በሰዓት በሰዓቱ መዝግበውታል፤ ደብተሩን ሳየው እኔ በሒሳብ ሠራተኛነቴ የማውቃቸው ብዙ መዝገቦች የዚያን ያህል የጠሩ አለመሆናቸውን ታዝቤአለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መጠለያው እየሄድኩ ስለማግዝ የግቢውን ውሎ በቅርበት አይቻለሁ። ሥራ የሚጀመረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ባልደራስ ከምግቡ በፊት ፋንድያውን ያያሉ፤ ያነሰ፣ የደረቀ ወይም የላላ እንደሆነ ይመረምራሉ። ቀጥሎ ጆሯቸውን በየፈረሱ ሽንጥ ላይ አስደግፈው የአንጀቱን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ዝም ያለ ሆድ የቁርጠት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሆዱ ዝም ያለ ፈረስ ካለ ሐኪሙን ሳይጠሩ ሌላ ሥራ አይነኩም። አንድ ፈረስ በቀን 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ስለሚፈልግ ቧንቧው በጠፋ ቀን የግቢው ዋና ጭንቀት የውሃ ቦቴ ፍለጋ ነው።

ሰኮና በየቀኑ ይጸዳል፤ በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ ይከረከማል። በክረምት፣ ጋጣው ሲረጥብ፣ ሰኮናው ሥር የሚፈጠረውን ጥቁርና የሚሸት ብስባሽ ለመከላከል ሲሉ ጭዱን በቀን ሁለቴ ይቀይራሉ። እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ብሩሽና የራሱ ጨርቅ አለው። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ በቆዳ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ እያበጠ የሚፈነዳውና በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበረታው የፈንገስ በሽታ በቁስል በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ከተሰጠ ግቢው በሙሉ ሊታመም ይችላል። ማታ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ወደ ጋጣ ይገባሉ። የፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ ሕመም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትበረታው በምሽትና በንጋት፣ በተለይም ከዝናቡ ማብቂያ በኋላ ነው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ የሚመረት በመሆኑ እድለኞች ነን፤ ባልደራስ ግን ክትባት የወሰደውንም ቢሆን ውጭ አያሳድሩትም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልተሰጠው ቁስለኛ ፈረስም በጠባቂነታቸው ዘመን የለም፤ የእኛ ዳማ ገጣባው ከመታጠቡ ጋር መርፌውን የተወጋው በዚያው ቀን ነው።

ድመቶቹን በሚመለከት እኔ ራሴ ሁለተኛ ባለውለታ ነኝ። በጥቅምት ወር በመሥሪያ ቤታችን ኮርኒስ ውስጥ ዓይናቸውን ያልገለጡ 4 የድመት ልጆች ሲያለቅሱ ተገኙ። ወዲያው ለባልደራስ ስደውል፣ በጭራሽ እንዳልነካቸውና በዙሪያቸው ዱቄት በስሱ እንድነሰንስ አዘዙኝ። እናቲቱ ለምግብ ወጥታ ከሆነ ስትመለስ ዱቄቱ ላይ ዱካዋ ይቀራል፤ እናት ያላቸውን መውሰድ ደግሞ መርዳት ሳይሆን መስረቅ ነው አሉኝ። እስከ ማታ ዱካ አልታየም፤ በማግስቱም እናትየው መኪና ገጭቷት ከግንቡ ጀርባ ተገኘች። ልጆቹን በካርቶን አድርጌ ስወስድላቸው ሲሪንጅና ወተት ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከጎናቸው አስቀመጡ። የበረደ የድመት ልጅ ምግብ መፍጨት ስለማይችል ሳይሞቅ ማብላት ይጎዳዋል። ብዙዎቻችን የለመድነው የላም ወተት ተቅማጥ ስለሚያስይዛቸው፣ የሚሰጧቸው ለድመት ልጆች ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው፤ እሱም በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ በሆዳቸው እንዲተኙ ተደርጎ እንጂ እንደ ሕፃን በጀርባቸው ተንጋለው አይደለም። ከጠቡም በኋላ በሞቀ ውሃ በራሰ ጥጥ ከጅራታቸው ሥር በቀስታ ይጠርጓቸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ገደማ ይህን እናታቸው በምላሷ ካላደረገችላቸው መሽናት አይችሉምና።

ያንን ሁሉ ያደርጉ የነበሩት ጣቶቻቸው ልጓምና ጅራፍ ሲይዙ የጎበጡ የ60 ዓመት ሰው ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ተረፉ። አንዷ በ5ኛው ሌሊት ሞተች፤ እሷም በደብተሩ ላይ ሰዓቷ ተጽፎላት አለች።

አዲስ የገባ ድመት ለ2 ሳምንት ለብቻው ክፍል ውስጥ ይቆያል፤ ጭርት ከድመት ወደ ሰውም ወደ ሌላ እንስሳም ስለሚተላለፍ ልጆች ይዛችሁ የምትመጡ ሰዎች ወደዚያ ክፍል ብትከለከሉ አትቀየሙ። ከእብድ ውሻ በሽታ ያልተከተበ ድመት ለማንም አይሰጥም፤ ሳይመክንም አይሰጥም። ድመት በሁለት ወር ገደማ የምትወልድ፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይም ልትወልድ የምትችል እንስሳ በመሆኗ ይህን ደንብ ለድርድር አያቀርቡትም። አንዲት ጎረቤቴ ለታመመች ድመቷ ፓራሲታሞል ሰጥታ እንዳጣቻት ሰምተው እጅግ ካዘኑ በኋላ፣ ግማሽ ክኒን እንኳ ድመትን እንደሚገድል የሚገልጽ ማስታወቂያ በትልቅ ፊደል አጽፈው በሩ ላይ ለጥፈዋል።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቁት ስጠይቃቸው፣ «ከጥፋቴ ነው» ብለው ዝም አሉ። ከብዙ ሳምንታት በኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ ከ20 ዓመት በላይ ባለጋሪ ነበሩ፤ ገጣባ ላይ ኮርቻ ጭነዋል፤ ያረጀ ፈረስም አንድ ቀን መንገድ ዳር ለቀው ሄደዋል። በማግስቱ ሊያዩት ሲመለሱ ያገኙትን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መጠለያውን የመሠረቱት ባልና ሚስት ሥራ ሲሰጧቸው ደመወዝ ሳይጠይቁ የገቡት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ዛሬም ቢሆን ለራሳቸው ጉርሻ አይቀበሉም፤ በኪሳቸው ልታስገቡላቸው ብትሞክሩ ያንኑ ገንዘብ ከድርቆሽ ነጋዴው ሒሳብ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥቆማዬ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የሚከብደውንም ልናገር። ባልደራስ አንደበታቸው ሻካራ ነው፤ ጥፋታችሁን ፊት ለፊት ይነግሯችኋል። ጠዋት ስልክ አያነሡም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ መደወል ይሻላል። በክረምት የመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ጭቃ ስለሆነ ባጃጅ አይገባም። ቦታውም ጠባብ ነው፤ መሥራት የሚችል ጤነኛ ፈረስ «ደክሞኛል» ብሎ ለሚያመጣ ሰው በሩ አይከፈትም፤ የሰለቻችሁን ድመት ማስረከቢያም አይደለም። ቁስሉን ማዳን የሚፈልግ ባለጋሪ ግን ፈረሱን ይዞ ቢመጣ ገጣባውን በነጻ ያጥቡለታል፤ የኮርቻውን ልብድ እንዴት ማስተካከል እንዳለበትም ተቀምጠው ያሳዩታል። ይህ አገልግሎታቸው ከሁሉም ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በልብዱ መስተካከል ብቻ ከመጣል የዳኑ ፈረሶች ገበያ ውስጥ ሲሠሩ አይቻለሁ።

ባልደራስ ለሚገባው ፈረስ ሁሉ የፈረስ ስም ያወጡለታል። የእኛን ዳማ፣ ጥፋታችን እንዳይረሳ ይመስላል፣ «አባ ገብሴ» ብለውታል። አሁን ገጣባው ደርቆ ጠጉር አብቅሏል፤ ከኮርኒሱ ልጆች አንዷ ደግሞ ግርግሙ ውስጥ ካልተኛች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እሱም ድርቆሹን በአፍንጫው ገፋ እያደረገ በዙሪያዋ ይበላል።

አድራሻውንና ስልኩን ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር እልካለሁ። አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ንጹሕ ጆንያ፣ ጥጥና የድመት ምግብ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ገብስ ይዞ መምጣት የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ ይደውል።