ክንዴን በሜትር ለለኩኝ ሲስተር

ሳሪስ አካባቢ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ውስጥ ለሚሠሩ ሲስተር ምስጋና ልጽፍ ነው። ስማቸውን እንዳላወጣ አደራ ብለውኛል። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ክሊኒኩን እነግራችኋለሁ።

ኪሎዬ 112 ነው። አልደብቀውም፤ የሄድኩበት ሁሉ ከእኔ በፊት ኮሪደር ሙሉ ሰው ሰምቶታል። "መቶ አሥራ ሁለት!" ብሎ ከሚዛኑ ወደ ካርድ ክፍል የሚጮህ አይጠፋም። ከዚያ ሐኪም ጋ እገባለሁ። ይደክመኛል እላለሁ፣ ፀጉሬ ይረግፋል እላለሁ፣ የወር አበባዬ በዝቶብኛል እላለሁ። መልሱ "ክብደት ቀንሺ" ነው። አንዱማ ያለማግባቴን ሰምቶ "ስትወልጂ ይስተካከላል" ብሎኛል። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ቦታ፣ አንድም ሰው ደም ይመርመርላት አላለም።

ታላቅ ወንድሜ በኪሎ ከእኔ አያንስም። እሱም ደከመኝ ብሎ ከሦስቱ ወደ አንዱ ሄደ። "ጋሼ፣ ይቀመጡ" ተብሎ ስኳሩ፣ ኩላሊቱ፣ ጉበቱ ታይቶ፣ ኢሲጂ ተነስቶ ወጣ። የእሱ ቦርጭ የተመቸው ሰው ቦርጭ ነዋ! እኔን ታክሲ ውስጥ "ስንተኛ ወርሽ ነው?" ይሉኛል።

ሲስተር ጋ የሄድኩት ለግፊት ነበር። ሌላ ቦታ 158/98 ተብዬ ኪኒን ተጽፎልኝ፣ ሳልጀምረው ሌላ ሰው ይይልኝ ብዬ። እሳቸው ከጋዋናቸው ኪስ ልብስ ሰፊ የሚይዘውን ዓይነት ሜትር አውጥተው ክንዴን ከትከሻዬና ከክርኔ መሀል ለኩት። 41 ሴንቲ ሜትር። "ልጄ፣ የተለመደው የግፊት መለኪያ ጨርቅ እስከ 34 ላለ ክንድ ነው። ከጠበበሽ ግፊትሽን አብዝቶ ያሳያል" አሉና ከመሳቢያ ሰፊውን አወጡ። ጀርባዬን አስደግፈው፣ እግሬን እንዳላነባብር ነግረው፣ አምስት ደቂቃ ዝም አስባሉኝ። 136/84። ደግመው ሲለኩ 134/84። በሳምንቱም ተመልሼ ያው ሆነ፤ ሐኪሙ ኪኒኑ ይቆይና እንከታተለው አሉ።

ሚዛን ላይ ሲያወጡኝ ደግሞ መጋረጃውን ስበው "ልንገርሽ ወይስ ልጻፈው ብቻ?" አሉኝ። 38 ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይጻፉት አልኳቸው።

ወሩ ሚያዝያ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ ሹራቤ ላይ ነጠላ ደርቤያለሁ። እሱን አዩብኝ። "ይበርድሻል? ሆድሽስ ይደርቃል?" ለሁለቱም አዎ ስል ራሳቸው ይዘውኝ ገብተው "ዶክተር፣ የዚህችን ልጅ ታይሮይድ እንየው" አሉ። ታየ። አንገቴ ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ የሚያመነጨው ሆርሞን በጣም አንሶ ተገኘ። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ የሚበዛ፣ በደም ምርመራ የሚታወቅ በሽታ ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ "ውፍረት ነው" እየተባለ የታለፈው።

አሁን ጠዋት በባዶ ሆዴ አንዲት ኪኒን በውሃ እውጣለሁ። ቡና የሚጠጣው ኪኒኑ ከተዋጠ አንድ ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው፣ አለበለዚያ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ለደም ማነስ የታዘዘልኝ የብረት ኪኒን ደግሞ ከዚህኛው በአራት ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል። ሲስተር ይህን በካርቶን ላይ በእጃቸው ጽፈው ሰጥተውኝ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። እናቴ የቡናው ነገር እስካሁን አልተዋጠላትም።

ሰባት ወር ሆነኝ። ደረጃ ስወጣ መሀል ላይ አልቀመጥም፣ ፀጉሬም ተመልሷል። ኪሎዬ የቀነሰው 4 ብቻ ነው፤ "ከዚህ ኪኒን ቅጥነት አትጠብቂ" ብለውኝ ስለነበር አልተከፋሁም። ለገና እጅጌው አጭር የሆነ ቀሚስ እያሰፋሁ ነው። ልብስ ሰፊው ሊለካኝ ሜትሩን ሲዘረጋ "41 ነው፣ አትልፋ" አልኩት።

ሲስተር የሚገቡት ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ነው። ሰፊው ጨርቅ አንድ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ልትጠብቁ ትችላላችሁ።