አኩሪ አተር፣ የኑግ ፋጉሎ ወይስ የላይሲን ዱቄት? የዶሮ መኖ ለምትገዙ

ዶሮ የጀመረ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው። «የኑግ ፋጉሎ ርካሽ ነው፣ የአኩሪ አተሩ እሳት ሆኗል፤ የቱን ልግዛ?» ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ተጨምሯል። «በላስቲክ የሚሸጥ የላይሲን ዱቄት አለ አሉ፤ አኩሪውን ያስቀራል?» አዳርሶ ከማውራት መጻፍ ይቀላል። (ፋጉሎ የምለው ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን ነው።) ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ እኔ የአኩሪ አተር ሰው ነኝ።

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚዞረው ላይሲን ላይ ነው። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። የዶሮም ሆነ የእኛ ሰውነት አይሠራውም፣ ከምግብ ብቻ ነው የሚያገኘው። ሥጋውም፣ እንቁላሉም፣ አጥንትን የሚያጠነክረው ኮላጅንም ይፈልገዋል። በቆሎ ላይ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ ኩንታል ሩብ ኪሎ ገደማ። እሱ ሲጎድል የተቀሩት አሚኖ አሲዶች ሥራ ይፈታሉ፤ ጤፍ ሞልቶ ምጣድ እንደጠፋበት ቤት። ሥራ የፈታው ፕሮቲን በኩስ ይወጣል። ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ስትከፍቱ ዓይን የሚያቃጥለው የአሞኒያ ሽታ ከፊሉ ገንዘባችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋጋ። የኩንታሉን ዋጋ አትዩ። በኩንታሉ ውስጥ ስንት ኪሎ ላይሲን እንዳለ እዩና አካፍሉ። በአንድ ኩንታል ደህና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ከ2.5 እስከ 2.8 ኪሎ ላይሲን አለ። በኑግ ፋጉሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ። ስለዚህ ኑጉ ረከሰ የሚባለው ዋጋው ከአኩሪው ግማሽ በታች ሲወርድ ብቻ ነው። ነጋዴው «ሩብ ያህል ቀንሼልሃለሁ» ካላችሁ ምንም አልቀነሰላችሁም። በዚያ ላይ ኑጉ አሰር ይበዛበታል። ዶሮዋ ሆዷን በገለባ ሞልታ ትነሳለች።

ኑግን እንዲያው ለመጣል አይደለም። ሜታዮኒን የሚባለው ሌላው አሚኖ አሲድ ላይ ጥሩ ነው፤ አኩሪው ደግሞ እዚያ ይደክማል። ስለዚህ ትንሽ ኑግ አብሬ እቀላቅላለሁ። ብቻውን ግን ለላም ተዉላት። ላም ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ላይሲኑን ራሳቸው ይሠሩላታል። ዶሮ ያ ዕድል የላትም። ኑግ ስትገዙ የከረጢቱን ሥር ገልብጡና አሽትቱ። የሻገተ ከሆነ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል።

አኩሪም ቢሆን ጣጣ አለበት። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው በእሳት መብሰል አለበት። እሳቱ ሲበዛ ደግሞ ላይሲኑ ከስኳሩ ጋር ተጣብቆ ለዶሮዋ የማይጠቅም ይሆናል። ክፋቱ፣ ያረረውም ፋጉሎ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ «ፕሮቲን 44 በመቶ» ይላል፤ የተለመደው ምርመራ የሚለካው ናይትሮጅንን ነውና። የዩሪያ ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ፋጉሎም፣ ዩሪያው ናይትሮጅን ስላለው፣ በዚሁ መንገድ ያልፋል። ወረቀት አያሳምነኝም። ቀለሙን አያለሁ፦ ወርቃማ ቡኒ ደህና ነው፣ የተቆላ ቡና የመሰለውን እተዋለሁ። ጥሬነቱን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ፋጉሎ፣ ቁንጥር ዩሪያና ትንሽ ውሃ ክዳን ባለው ብርጭቆ በጥብጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ስትከፍቱት አሞኒያ አፍንጫ ከመታ አልበሰለም።

ሰው በብዛት የሚታለለው ዱቄቱ ላይ ነው። ትክክለኛው ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ 98.5 በመቶ ንጹሕ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ከጠቅላላ ክብደቱ ላይሲኑ 78.8 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው አብሮት የተጣመረው ሃይድሮክሎራይድ ነው። ሌላ ላይሲን ሰልፌት የሚባል አለ፤ ብዙውን ጊዜ ቡኒ ጥራጥሬ ነው፣ ላይሲኑም ከ50 እስከ 55 በመቶ ገደማ። ይህንን በዚያኛው ዋጋ የሚሸጡ አሉ። አንዱ ወዳጄ ደግሞ ከዚህም የባሰ ገጠመው። ምልክት የሌለው ላስቲክ ውስጥ ያለ ነጭ ዱቄት «ኦሪጅናል» ተብሎ ገዛ። ግማሽ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አደረግንበት። እውነተኛው ላይሲን ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ይሄ ግን ደፈረሰና ሥሩ ላይ ተኛ። የቁስል አዮዲን አንድ ጠብታ ጠብ ስናደርግበት ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ስታርች! የበቆሎ ዱቄት በላይሲን ዋጋ።

ደግሞ የላይሲን ዋጋ ላይ መቀለድ በሠፈር ነጋዴ አልተጀመረም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ትልልቅ አምራቾች ተመሳጥረው ዋጋ ሲያንሩ ተይዘው፣ አሜሪካ ውስጥ ኤ.ዲ.ኤም የተባለው ኩባንያ በ1996 ለላይሲኑ ብቻ 70 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል።

«አንድ ኪሎ ዱቄት 30 ኪሎ አኩሪ ይተካል» የሚለው ወሬ በላይሲን ሒሳብ ልክ ነው። ነገር ግን አኩሪው ሌሎቹን አሚኖ አሲዶችም ይዞ ይመጣል፤ ዱቄቱ ብቻውን ነው። አኩሪውን አውጥታችሁ ዱቄት ብታስገቡ ጫጩቶቹ አያድጉም። ዱቄቱ የሚያዋጣው አኩሪው እንዳለ ሆኖ ጉድለት ለመሙላት፣ በተለይ ለሥጋ ዶሮ ጫጩት ነው። እሷ ከመኖዋ 1.1 በመቶና ከዚያ በላይ ላይሲን ትፈልጋለች፤ እንቁላል ጣይዋ በ0.7 በመቶ ገደማ ትኖራለች። ስለዚህ ለእንቁላል ዶሮ ብቻ ከሆነ የያዛችሁት፣ የዱቄቱን ገንዘብ አኩሪ ላይ ጨምሩበት።

ለሥጋ ዶሮ የግድ ካላችሁ፣ የታሸገና ቀኑ የሚነበብ ከረጢት ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ ተካፈሉ፤ ከተከፈተ ጆንያ እየተመዘነ ከሚሸጠው ይሻላል። ለአንድ ኩንታል መኖ ከ100 እስከ 200 ግራም ይበቃል። መጀመሪያ ከሁለት ኪሎ የተፈጨ በቆሎ ጋር በደንብ አሹት፣ ከዚያ ነው ወደ ክምሩ።