ጀርመን ሸፐርድ ወይስ የሀበሻ ውሻ? ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ ላላችሁ

ሰሞኑን ቤት ሠርቶ የገባ ወዳጄ ሁሉ "ለግቢዬ የትኛውን ውሻ ልግዛ?" ይለኛል። መልሴ አንድ ነው፦ የሀበሻውን ያዙ፣ የተረፈውን ብር አጥሩ ላይ አውሉት።

ከዋጋው እንነሳ። ጎረቤቴ "ንጹህ ጀርመን ሸፐርድ፣ የፖሊስ ውሻ ዘር" የተባለ ቡችላ 25 ሺህ ተጠርቶለት በ18 ሺህ ወሰደ። የሀበሻውን ቡችላ ግን የወለደችበት ሰው "ኧረ ውሰዱልኝ" ብሎ ነው የሚሰጣችሁ። ደግሞ "የፖሊስ ዘር" መባሉ ብቻውን ዋጋ የለውም። የፖሊስ ውሻን የፖሊስ ውሻ የሚያደርገው ሥልጠናው ነው፤ ያዝ ሲባል ይይዛል፣ ልቀቅ ሲባል ይለቃል። እናንተ በ18 ሺህ የምትገዙት መያዙን እንጂ መልቀቁን ያልተማረ ነው።

ድቅሉም በዝቷል። በሁለት ወሩ የንጹሁም የድቅሉም ጆሮ የተኛ ስለሆነ በዓይን መለየት ይከብዳል። የጎረቤቴ ውሻ ጆሮ ዓመት ሞልቶትም አልቆመ፤ ሻጩ "ካልሲየም አንሶት ነው" እያለ ይኸው አለ። ገና በገባ በሳምንቱ ደግሞ ፓርቮ የሚባለው የቡችላ በሽታ ያዘው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከበር የሚቀበል ሽታ፣ ግሉኮስ፣ መርፌ፤ ሌላ 4 ሺህ። "ክትባቱን ጨርሷል" ተብሎ ነበር፣ ደብተር ግን የለውም። ቀንና ማኅተም ያለበት የክትባት ደብተር ካላያችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ።

ምግቡን አታንሱት። የሀበሻው ሽሮ የነካው ፍርፋሪ ይበቃዋል፤ ያኛው ከሥጋ ቤት ሳምባና አጥንት ካልመጣለት ጎኑ ይቆጠራል። የደሴ ብርድ ይስማማዋል፣ እሱን አልክድም። ኮምቦልቻ ግን በዚያ ድርብ ጸጉሩ ቀኑን ሙሉ ምላሱን አውጥቶ ጥላ ሲፈልግ ነው የሚውለው።

ዋናው ወጪ ንክሻው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት ውሻው በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ከፋዩ ባለቤቱ ነው። በሩ ላይ "ኃይለኛ ውሻ አለ" ብሎ መጻፍ ብቻውን አያድንም። ጉዳቱ በተነከሰው ሰው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ኃላፊነቱ ይቀንሳል ወይም ይቀራል (አንቀጽ 2086)፤ አጥር ዘሎ የገባ ሌባ ላይ ይኸን መከራከር ይቻላል። የእኛ አገር ችግር ግን ሌላ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በደጃችሁ የሚያልፈው ሱብሂ ሊሰግድ የወጣ ሼህ ወይም ነጠላዋን ያጣፋች ኪዳን የምትሄድ እናት ናት። የሀበሻው ጮሆ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፤ በር ተከፍቶ ካገኘ ያ ትልቁ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

አንቀጽ 2074 አንድ መውጫ ሰጥቷል፦ ጥፋት ከሌለባችሁ ውሻውን ለተጎዳው ሰው አስረክባችሁ ከዕዳው ትገላገላላችሁ። በነጻ ያገኛችሁትን ማስረከብ ቀላል ነው፤ የ18 ሺውን ግን አንጀታችሁ እንዴት ይችላል? በሩን ክፍት የተወው የቤታችሁ ሰው ከሆነ ደግሞ እሷም መውጫ ተዘጋች።

መጋዘን ያለው፣ አሠልጣኝም የሚቀጥር ሰው ሸፐርዱን ይግዛ፤ እሱ ሌላ ነው። የትኛውንም ብትይዙ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ አስወጉት። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ የተነከሰውን ሰው የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የካሳው ክርክር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።